በፍልሰታ የአዲስ አበባን ዳር ይዘን፦ ከእንጦጦ እስከ ሰበታ

ለፍልሰታ ሱባኤ ሲታሰብ ብዙ ሰው ደብረ ሊባኖስን ወይም ዝቋላን ነው የሚያስበው። እኛ ዘንድሮ ርቆ ለመሄድ አቅሙ አልነበረንም። ወንድሜ የኩላሊት እጥበት (ዲያሊስስ) ላይ በቆየበት ጊዜ ያለንን ሁሉ አሟጠናል። ወርቅ ተሸጧል፣ ዕቁብ ተበልቷል፣ ከዘመድ ተበድረናል። እሱ አረፈ፣ ዕዳው ቀረ። ስለዚህ ከባለቤቱ ጋር ተማከርንና የከተማውን ዳር ይዘን ለመሄድ ወሰንን። ከእንጦጦ ጀምረን በየካ ተራራ ወደ ካራ፣ ከዚያ ወደ ዘነበወርቅ፣ መጨረሻ ላይ ሰበታ፣ ከዚያ ወደ ቤታችን ወደ ቃሊቲ።

አንድ ነገር ቀድሜ ልናገር። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ለቅሶ የደረሰ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ "እምነታችሁ ሙሉ ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር" ብሏት ሄደ። ለሟች ሚስት፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሎት አቆመች። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች፣ በሩን ትሳለማለች፣ ትመለሳለች። ሱባኤውን ያሰብኩት እኔ ነኝ። እሷ እሺ ያለችኝ እኔን ላለማስቀየም እንደሆነ ገብቶኛል።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 3፣ ሽሮ ሜዳ እና እንጦጦ

ሽሮ ሜዳ የደረስነው ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ነው። ዝናቡ ገና አልጀመረም። የሀገር ልብስ ሱቆቹን አለፍንና ጧፍ፣ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን፣ ከአንዲት እናት ደግሞ በብርጭቆ የሚሰፈር ቆሎ ገዛን። አንዱ ብርጭቆ 30 ብር። ቃሊቲ እኛ ሰፈር 25 ነው፣ ግን እሳቸው ምራቂ ጨመሩልን፣ ስለዚህ ያው ነው።

ወደ ላይ የሚወጣው ታክሲ ግማሽ መንገድ ላይ ሞተሩ ጋለበት። ረዳቱ ውሃ ፍለጋ ሲሮጥ እኛ ወርደን በእግር ቀጠልን። እንጦጦን በእግር ለወጣ ሰው የመጀመሪያው ትምህርት ትንፋሽ ነው። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ነው። የባሕር ዛፉ ሽታ ደስ ይላል፣ እግር ግን አይታዘዝም። እኛ ባዶ ጀሪካን ይዘን ስናለከልክ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ቁልቁል ይመጣሉ። ወገባቸው እጥፍ ብሏል፣ ሸክሙ ከአካላቸው ይሰፋል። አንዷ ቆም ብላ "በርቱ፣ ደርሳችኋል" አለችን። እሷ እኛን! የወንድሜ ሚስት ዞር ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት።

እንጦጦ ማርያም ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም ዘውድ የጫኑበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የቤተ መንግሥታቸው ግቢም እዚያው አጠገብ ነው። ንጉሥ የነገሠበት ተራራ ዛሬ በሽተኛ ተስፋ ፍለጋ የሚወጣበት ተራራ ሆኗል፣ ይህ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ተሳልመን ወደ ጠበሉ መንደር ወረድን። በፌስታልና በሸራ የተጠገነ የቆርቆሮ ቤት ነው ያለው፣ ለጠበልተኛ ይከራያል። ለአንድ ሰው አንድ አዳር 150 ብር ከፈልን፣ ሰሌን ላይ ነው የሚተኛው፣ ብርድ ልብስ የራስ። ስድስት ሴቶች ሆነን አደርን። ማታ ዝናቡ ሲመጣ ጣራው በሦስት ቦታ አፈሰሰ። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበር የተገኘው፣ የቀረውን በጀሪካናችን ጫፍ ተቀበልነው። የቃሊቲ ሰው ስለሆንኩ ነው መሰለኝ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። ሁለት ጋቢ ደርቤም ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር።

የቤቱ ኃላፊ አንዲት ሃምሳዎቹን ያለፉ ሴት ናቸው። ሁሉም "እትዬ" ነው የሚላቸው። የወንድሜን ሚስት ፊት አዩና ምንም አልጠየቋትም። "ነገ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሺ፣ ደጋፊ ሰው ይጎድለኛል" ብቻ አሏት።

እሁድ፣ ነሐሴ 4፣ እዚያው

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን ሰልፉ ዳገቱን ይዞታል። ወንዶች በአንድ በኩል፣ ሴቶች በሌላ በኩል። ሌሊቱን ያልተገላበጠ የለም፣ ግን ያጉረመረመ ሰው አልሰማሁም። ካህኑ መስቀል ይዘው ጠበሉን ሲያፈሱት ቅዝቃዜው ትንፋሽ ያስጥላል፣ አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። እኔም ተጠመቅሁ። የወንድሜን ሚስት ስፈልጋት ሰልፉ ውስጥ የለችም። እትዬ መቆም የማይችሉ ሴቶችን እንድትደግፍላቸው ከጠበሉ ሥር አቁመዋታል። አንዲት በጣም የከሳች ወጣትን ብብቷን ይዛ አቅፋታለች፣ ጠበሉ ሲፈስስ ሁለቱም አንድ ላይ ይበሰብሳሉ።

ከቅዳሴ በኋላ እትዬ ቤታቸው ጠሩን። ያቀረቡልን ሽሮ ዛሬም አፌ ላይ አለ። በኑግ ዘይት የተሠራ፣ ነጭ ሽንኩርቱ የበዛ፣ እንጀራው የገብስ ቅልቅል። ከተማ ውስጥ 200 ብር ከፍለንም እንዲህ ያለ ሽሮ አላገኘንም። ገንዘብ ስናወጣ "አስቀምጡት፣ ለሳሙና ይሆናል" አሉ። ከዚያ ታሪካቸውን ነገሩን።

"በ1996 ዓ.ም ነው በቃሬዛ ያመጡኝ። ኤች አይ ቪ ነው። ባሌ ሞቷል፣ አከራዬ ዕቃዬን ደጅ አውጥታዋለች። ጎረቤቶቼ እዚህ አድርሰውኝ ተመለሱ። እንድሞት ነው ያመጡኝ፣ አልፈርድባቸውም።"

አልሞቱም። አንዲት መነኩሲት በየቀኑ እየደገፉ ያስጠምቋቸው፣ በሶ በጥብጠው ያጠጧቸው ነበር። በ1997 ዓ.ም መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ሲጀምር ጠበልተኛው ተከፋፈለ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው የሚል ብዙ ነበር። የእትዬ የነፍስ አባት ግን "ሂጂና ውሰጂ" አሏቸው። በ1999 ዓ.ም ደግሞ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይጋጩም ብለው ተናገሩ። "ያን ቀን እዚህ መንደር ስንቱ አለቀሰ መሰላችሁ" አሉን። "ተደብቀን ስንውጥ የነበርን ሰዎች በአደባባይ ዋጥን።"

አሁንም በየማታው አንድ ፍሬ ይወስዳሉ። ቫይረሱ በደማቸው አለ። ቢፈልጉ ወደ ከተማ ተመልሰው መኖር ይችሉ ነበር፣ ግን መነኩሲቷ ካረፉ በኋላ ሥራቸውን ያዙት። እኔ እዚህ ላይ በግልጽ የምናገረው አለኝ። በጠበል ቦታም ሆነ በጸሎት ቤት ለበሽተኛ "መድኃኒትህን ጣል" የሚል ሰው ካያችሁ ዝም አትበሉት። እምነት አይደለም ያ። ሰው ይገድላል።

የወንድሜ ሚስት ያን ቀን ሙሉ ብዙም አላወራችም። ማታ ግን እርጥብ ልብሷን እየጨመቀች "ያቺ ልጅ ነገስ ማን ይይዛታል?" አለችኝ።

ሰኞ፣ ነሐሴ 5፣ ዋሻ ሚካኤል እና ካራ

ጠዋት የወንድሜ ሚስት እንደገና ልጅቷን አስጠመቀቻት። ስለዚህ ከእንጦጦ የወረድነው አርፍደን ነው። ከኮተቤ በኩል ወደ ዋሻ ሚካኤል የሚወጣ ባጃጅ ተነጋግረን ለሁለታችን 250 ብር ተስማማን። ልጁ ጨዋ ነው፣ መንገዱ ግን መንገድ አይባልም። ቀይ ጭቃ፣ መሐሉ በጎርፍ የተቦረቦረ። አንድ መታጠፊያ ላይ ባጃጁ ተቀረቀረ። ገፋን፣ አልወጣ አለ። ከብት የሚጠብቁ ልጆች መጡና አብረውን ገፉ፣ ጎማው ሲሽከረከር ጭቃው እስከ ፊታችን ድረስ ተረጨ፣ የእኔ ነጠላ ከዚያ ቀን በኋላ ነጭ አልሆነም። ልጆቹ ገንዘብ ስንሰጣቸው እምቢ አሉ። ቆሎ ሲያዩ ግን እጃቸውን ዘረጉ። የሰው ልጅ ጾም ላይ ሆኖ ቆሎ ማካፈል ይከብደዋል፣ ግን ሁላችንም ጭቃ በጭቃ ሆነን አብረን ሳቅን።

የካ ዋሻ ሚካኤል ከአንድ ወጥ ዐለት የተፈለፈለ ነው። ጣራው ከረጅም ጊዜ በፊት ወድቋል፣ ግድግዳና ምሰሶው ቆሟል። የአካባቢው ትውፊት እስከ አብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ይወስደዋል፣ አጥኚዎች ከዚያ በጣም ዘግይቶ የተሠራ ነው ይላሉ። ክረምት ስለሆነ ውስጡ ውሃ አቁሯል፣ መግባት አልቻልንም። ላሊበላ ድረስ የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰው እዚህ፣ ከራሱ ከተማ ጫፍ ላይ፣ እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ቢያውቅ ይገርመዋል። ዳር ላይ ቆመን ጸሎት አደረስን። ማለቴ እኔ አደረስኩ፣ እሷ አጠገቤ ቆመች።

ማታ ያደርነው ካራ አካባቢ፣ የእሷ አጎት ቤት ነው። አጎቷ የወንጌል አማኝ ናቸው፣ ሰፈሩ ጴንጤ እንደሚለው። ቤተሰባችን እንደ ብዙ የአዲስ አበባ ቤተሰብ ድብልቅ ነው፣ ሰርጉም ለቅሶውም አብረን ነው። በር ላይ ተቀብለውን ገና ሳንቀመጥ "ጾማችሁን አውቃለሁ፣ ድስቱ ለብቻ ነው የተሠራው" አሉን። ምስር፣ ጥቅል ጎመን በካሮት፣ ስልጆ። ስልጆ ያገኘሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አፍንጫዬ ድረስ የወጣ ሰናፍጭ!

ከእራት በኋላ የወንድሜ ሚስት በድንኳኑ የተባለችውን ነገረቻቸው። ለእኔ እንኳ ሙሉውን ተናግራው አታውቅም። "ጋሼ፣ እውነት እኔ ነኝ የጎደልኩት?" አለቻቸው።

አጎቷ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ወደ ደርግ ዘመን ወሰዱን። በ1974 ዓ.ም የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋና መሪዎቹ ሲታሰሩ እሳቸው ወጣት ነበሩ። በየቤቱ አምስትም ሰባትም ሆነው ይሰበሰባሉ። መዝሙር በሹክሹክታ ነው፣ አንድ ሰው በር ላይ ይቆማል፣ ሰው ከመጣ ቡና ይፈላል፣ ልደት ነው ይባላል። ቤተ ክርስቲያኑ ሲዘጋ አባላቱ 5,000 ያህል ነበሩ፣ ደርግ ወድቆ በአደባባይ ሲወጡ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ይህን ሲናገሩ ግን አልፎከሩም። ቶሎ ወደ ሌላ ሰው አለፉ።

"ቄስ ጉዲና ቱምሳን ታውቂያቸዋለሽ? የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩ። ሐምሌ 1971 ከጉባኤ ሲወጡ ነው የወሰዷቸው። እንዲሸሹ የመከሯቸው ነበሩ፣ መንጋዬን ትቼ አልሄድም አሉ። ገደሏቸው። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሚስታቸው 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። እንግዲህ ንገሪኝ፣ እምነት የጎደላቸው እሳቸው ናቸው?"

መልስ አልሰጠችም። እሳቸውም አልጠበቁም። "ያ ሰው ያለሽን ክርስቶስ አላለሽም። ክርስቶስ ያለው በዓለም ሳላችሁ መከራ አለባችሁ ነው። ደብቆን አያውቅም" አሉ። ከዚያ ተነስተው ለነገ የሚሆን ሽንኩርት መላጥ ጀመሩ። በየማክሰኞው ከሰፈሩ እድር ጋር ሆነው የሚደግፏቸው አቅመ ደካሞች አሏቸው፣ ግማሹ ኦርቶዶክስ ነው፣ ሙስሊምም አለ። ሦስታችንም ስንልጥ አመሸን። ዓይናችን ሁሉ በእንባ ተሞላ፣ ማን ከሽንኩርቱ ማን ከሌላው እንደሆነ አልጠየቅንም።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 6፣ ዘነበወርቅ

ከተማውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋርጠን ዘነበወርቅ ደረስን። ድሮ ይህ ቦታ ከከተማ ውጭ ነበር። የሥጋ ደዌ ሕሙማን የሚታከሙበት፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመ ሆስፒታል ነበረ፣ በ1958 ዓ.ም የሥጋ ደዌ ሕክምናና ምርምር ማዕከሉ አለርት እዚያው ተቋቋመ። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ለሕክምና የመጣው ሰው ቀዬው ስለማይቀበለው እዚያው ጎጆ ቀለሰ፣ ወለደ፣ ሰፈር ሆነ። በሽታው ዛሬ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል፣ መድኃኒቱም በነጻ ነው። ፍርሃቱ ግን አሁንም አልዳነም። ታክሲ ውስጥ ጣት የሌለው እጅ ገንዘብ ሲያቀብል ፊቱን የሚያዞር ሰው በዚህም ጉዞ አይቻለሁ።

እዚህ የመጣነው ለነጠላ ፈትል ነበር። የወንድሜ ሚስት ለሙት ዓመቱ ለምትለብሰው ነጠላ የሚፈትሉላት አንዲት አዛውንት አሉ። ጣቶቻቸው እስከ ግማሽ ብቻ ናቸው፣ ግን እንዝርቱን ሲያሾሩት ፈትሉ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ለነጠላው የሚሆን ፈትል 400 ብር ጠየቁን፣ ሽሮ ሜዳ ብንገዛው ከዚያ ይበልጣል። አልተከራከርንም።

እማማ ከልጅነታቸው ጀምሮ እዚህ ናቸው። እናታቸው በሌሊት አምጥታ ጥላቸው ሄደች። ወልደዋል፣ አሳድገዋል፣ አንዷ ልጃቸው ነርስ ናት። በመጋቢት 2009 ዓ.ም የቆሻሻ ክምሩ፣ ቆሼ፣ ሲናድ፣ ከ110 በላይ ሰው ባለቀበት በዚያ አደጋ፣ የጓደኛቸው ሁለት የልጅ ልጆች ወላጅ አልባ ቀሩ። እማማ ወሰዷቸው። "ምን ላድርግ፣ እኔም የተጣልኩ ነኝ፣ ደጅ የቀረ ልጅ አይቼ እንዴት አልፋለሁ?" ነው ያሉት። አንደኛዋ ልጅ ከጎናችን ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር።

ስለ ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ የነገሩንም እሳቸው ናቸው። ጥቅምት 14 የሚከበረው፣ የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ የሰርጉን ቤት ትቶ የወጣው፣ ሰው እንዳያውቀው ደዌ ይሰጠኝ ብሎ የለመነው፣ ከአባቱ ደጅ ሳይታወቅ እንደ ለማኝ የኖረው። "እኔን ሰው ተረግማ ነው ሲለኝ ጻድቁ ለምኖ ያገኘውን ነው እላቸዋለሁ" አሉ። ታሪኩን ከልጅነቴ ጀምሮ በገድል ሲነበብ ሰምቻለሁ። በእነዚያ ጣቶች ፊት ተቀምጬ ስሰማው ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 7፣ ሰበታ

ሰበታ ከአዲስ አበባ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ አሁን ሸገር ከተማ ውስጥ ተካቷል። ፋብሪካውና የከባድ መኪናው ትርምስ ቃሊቲን አስታወሰኝ፣ አቧራው ብቻ በጭቃ ተተክቷል። ሌሊት ሲዘንብ ስላደረ ዓለም ገና አካባቢ መንገዱ በውሃ ተሸፍኖ ታክሲው ሰዓት ሙሉ ቆመ። ጾም ላይ ላለ ሰው ከጎን ትኩስ ዳቦ የሚሸጥበት ቦታ መቆም ራሱን የቻለ ፈተና ነው።

ዕለቱ ጽንሰታ ነው፣ የእመቤታችን መፀነስ የሚታሰብበት። ቅዳሴ እስኪገባ ድረስ ከአንድ የኔታ ጋር ተቀመጥን። ዓይናቸውን ያጡት በልጅነታቸው፣ ፈንጣጣ ገና ከሀገራችን ሳይጠፋ ነው። በሰበታ መርሐ ዕውራን ብሬል ተምረዋል፣ የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ደግሞ በቃል። አሁን የሰፈሩን ሕፃናት ፊደል ያስቆጥራሉ። ልጁ ሰሌዳው ላይ ጣቱን የት እንዳደረገ ከድምፁ ያውቁታል። "ወደ ታች አትዝለል፣ ሐ ነው ያለኸው" ይላሉ፣ ልጁ ደንግጦ ይመለሳል።

የወንድሜ ሚስት ጥያቄዋን ደገመችላቸው። አጎቷ የመለሱላት መስሎኝ ነበር፣ ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ አንዴ ተመልሶ አያልቅም። የኔታ ሳቅ አሉ። "እኔን ስትጠይቂኝ የዮሐንስን ወንጌል ምዕራፍ 9 መጠየቅሽ ነው። ደቀ መዛሙርቱም ያንኑ ነው የጠየቁት። ዕውር ሆኖ እንዲወለድ የበደለ ማን ነው፣ እርሱ ወይስ ወላጆቹ? ጌታ ምን አለ? እርሱም ወላጆቹም አይደሉም። ልጄ፣ ባልሽን አስታመምሽ?"

"ሦስት ዓመት።"

"በሳምንት ስንት ቀን ነበር የምትወስጂው?"

"ሦስት ቀን።"

"ቀርተሽ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ሌላ ምን ዓይነት እምነት ነው የሚፈልጉብሽ?" አሉ።

ደወል ሲደወል ተነሳን። ቅዳሴው ሲያልቅ ከ9 ሰዓት አልፏል። መካከሉ ላይ "አቤቱ ይቅር በለን" ሲባል ድምፅዋን ሰማሁት። ወፍራም ድምፅ ነው ያላት፣ ከለቅሶው ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። ከደጀ ሰላሙ በር ላይ በተቀቀለ ባቄላና ዳቦ ጾማችንን ፈታን፣ 60 ብር ለሁለት።

ቃሊቲ የገባነው ሲመሽ ነው። ጉዞው ከትራንስፖርት እስከ ፈትሉ ድረስ ለሁለታችን 3,000 ብር ግድም ፈጅቷል። ዕዳችን እንዳለ ነው። ወንድሜም የለም። የወንድሜ ሚስት ግን በማግስቱ ለእትዬ ደወለች፣ ያቺ ወጣት መድኃኒቷን ጀምራለች፣ መቆምም ችላለች። ሌሎች ሦስት አዳዲስ ሴቶች ደግሞ መጥተዋል፣ ሰው አልመጣላቸውም።

ስለዚህ በየቅዳሜው እየወጣን እናድራለን። እትዬ የነገሩን የሚያስፈልገው ነገር የልብስ ሳሙና፣ ነጠላ ጫማ፣ ባልዲ፣ የሴቶች ንጽሕና መጠበቂያና በሶ ነው። ብርድ ልብስ ያለው ቢያመጣ ደግሞ ክረምቱ ገና አልወጣም። አብራችሁን መምጣት የምትፈልጉ ሴቶች ከሽሮ ሜዳ ታክሲ መያዣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ እንነሳለን። ጋቢ ደርባችሁ ኑ፣ እርጥቡን የምትቀይሩበት ልብስም ያዙ።